የትምህርት ድጋፍ እንዳይቋረጥ ነጥባችንን በጊዜ እንቁጠር

ለትምህርት የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር በተለጠፈ ዕለት ስሙን ያገኘ ሠልጣኝ «ተገላገልሁ!» ይላል። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያገኘው ድጋፍ እስከ ምረቃ ድረስ ተቆርጦ የተሰጠው አይደለም፤ የሚቀጥለው ሴሚስተር የሚገኘው ባለፈው ሴሚስተር ነጥብ ነው። ይህ አሠራር እንዴት እንደሚሄድ፣ ሠልጣኙስ መቼ ምን ማድረግ እንዳለበት ከዚህ በታች እናስረዳለን።

በቅድሚያ ድጋፉ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። አንደኛው መንግሥት ለተማሪው ምግብ፣ መኝታና ትምህርት የሚያወጣው ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራትን ሥርዓት አመጣ፤ ተማሪው የድርሻውን ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል ተደነገገ። ሁለተኛው የነጻ ትምህርት ዕድል ነው። ከነዚህ ውስጥ በስደተኞች ዘንድ የታወቀው፣ በጀርመን መንግሥት ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረውና በአልበርት አይንሽታይን ስም የተሰየመው «ዳፊ» የተባለው ፕሮግራም ነው። አይንሽታይን ራሱም ስደተኛ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ድጋፍ ሁሉ የሚቀጥለው ተማሪው ትምህርቱን በሚገባ እየተከታተለ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።

ጉዳዩ ለጀዊ ሰው ይበልጥ ይከብዳል። እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት የተሰደዱ ወገኖች ሌይችዎር ሰፍረው ነበር፤ ሥፍራው በ2014 በጎርፍ ስለ ተጥለቀለቀ በ2015 ወደ ጀዊ ተዛወሩ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከፍተኛ ትምህርት የደረሱት ስደተኞች 6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2030 ቁጥሩን 15 በመቶ ለማድረስ ታቅዷል። እንግዲህ ከጀዊ ወጥቶ ለመምህርነት የሚሠለጥን አንድ ሰው ከትምህርቱ ሲሰናበት የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። የሠለጠነ መምህር የሚጠብቅ አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናትም አብረው ይጎዳሉ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0 ነው። ይህ ቁጥር በኮርሱ ክሬዲት አወር ይባዛል፤ ውጤቱ ተደምሮ ለጠቅላላው ክሬዲት ሲካፈል አማካይ ነጥብ ይገኛል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለመመረቅ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ድምር አማካይ 2.00 ነው። ከዚያ በታች የወረደ ተማሪ እንደ ነጥቡ መጠን «ዋርኒንግ» ወይም «ፕሮቤሽን» ይሰጠዋል፤ ካላሻሻለ ወይም ነጥቡ በጣም ከወረደ «ዲስሚሳል» ይከተላል። ትክክለኛው ወሰን በየተቋሙ ደንብ ተጽፏልና ከጓደኛ አፍ ሳይሆን ከሬጅስትራር መጠየቅ ነው።

«ምን ችግር አለው፣ ቀስ ብዬ አነሣዋለሁ» የሚል ሠልጣኝ አይጠፋም። ታዲያ እስቲ እናስላ። በየሴሚስተሩ 16 ክሬዲት ይወሰዳል እንበል። በመጀመሪያው ሴሚስተር 1.75 ያገኘ ሰው ድምሩን ወደ 2.00 ለመመለስ በሁለተኛው 2.25 ይበቃዋል። በሁለተኛውም 1.75 ካገኘ በሦስተኛው 2.50 ያስፈልገዋል። እንደገና 1.75 ከደገመ በአራተኛው የሚጠየቀው 2.75 ይሆናል። ዕዳው በየጊዜው ይጨምራል፤ ሰውየው ግን ያው ሰው ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን፦

ሀ) የመጀመሪያው ፈተና ውጤት እንደ ታወቀ ነጥብን ማስላት። የመጨረሻውን ፈተና መጠበቅ ጊዜ ማሳለፍ ነው።

ለ) የምዝገባን ቀን አለማሳለፍ። በክረምት ባሮ ሲሞላ መንገድ ሊቸግር ይችላልና ቀደም ብሎ መነሣት ይበጃል።

ሐ) በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር ትምህርት ማቋረጥ ግድ ቢሆን ፎርም ሞልቶ፣ ማስረጃ አያይዞ፣ ክሊራንስ ጨርሶ መሄድ። ዝም ብሎ የጠፋ ሠልጣኝ በየኮርሱ ኤፍ ሊያገኘው፣ ተመልሶ የመግባት መብቱንም ሊያጣ ይችላል። ድጋፍ ለሚሰጠው ክፍልም በጊዜው በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

መ) ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ የቢሮው ጉዳይ በአማርኛ፣ የቤቱ ጨዋታ በኑዌርኛ ወይም በአኙዋክኛ ለሚሆንበት ሠልጣኝ ብቻውን ከማጥናት በቡድን ማጥናት ይሻላል። ያልገባን ቃል ጠይቆ መረዳት ነውር የለውም።

ሠ) ውሃ መቅዳቱም ልጅ መያዙም በእኅቶቻችን ትከሻ ላይ ይወድቃል። የቤቱ ሰው ሥራውን ቢካፈል የእሷ የጥናት ሰዓት ይተርፋል።

ለመምህራኖቻችንም የምንለው አለን። የፈተና ወረቀት ቶሎ ታርሞ ቢመለስ ሠልጣኙ ጉድለቱን የሚያርምበት ጊዜ ያገኛል፤ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ የሚሰጥ ምክር ግን ለሚቀጥለው እንጂ ላለፈው አይሆንም። በክፍል ውስጥ ድምፁ የጠፋውን ሠልጣኝ ጠርቶ «ምነው፣ ምን ሆንህ?» ማለት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ከዚህ ሰሌዳ ፊት የቆማችሁ ሠልጣኞች ሆይ፤ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ያዙና ኮርሶቻችሁን፣ ክሬዲታቸውንና እስካሁን ያገኛችሁትን ጻፉ። ድምሩ ከ2.00 በታች ከመጣ ነገ ጠዋት አማካሪ መምህራችሁን አነጋግሩ። ብቻውን መሄድ የከበደው ጓደኛ ካለም አብራችሁት ሂዱ።