በፒካፕ ኋላ የሚገባው የአየር ከረጢት፤ ተረትና እውነታው

በአሜሪካ ፒካፕ ገዝተው፣ ዕቃ በማመላለስና ቤት በማደስ በሚተዳደሩ ወገኖቻችን መካከል፣ እንደ ቀኖና ሳይመረመር ካንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ከኋላው የአየር ከረጢት ካስገባህለት መኪናው ሌላ 5000 ፓውንድ ይጭናል» የሚለው ነው። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ዝም ብዬ ማለፍ የሚሳነኝ፣ ቃሉን አምነው፣ የቤተ ሰባቸውን እንጀራ የሚያወጡበትን መኪና ከልኩ በላይ ጭነው፣ ጎማ በአውራ ጎዳና ላይ የፈነዳባቸውን፣ ሻንሲ የጎበጠባቸውንና ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ ያላቸውን ሰዎች ስላየሁ ነው።

ከረጢቱ ከወፍራም ላስቲክ የተሠራ፣ በሻንሲውና በኋላው አክስል መካከል ከባሌስትራው አጠገብ በግራና በቀኝ የሚቀመጥ፣ አየር ሲነፋ የሚያብጥ ሞላ ነው። ጥበቡ የትናንት አይደለም፤ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1953 ለአውቶቡስ ድርጅቱ ለግሬይሀውንድ ያቀረባቸው አውቶቡሶች በአየር ሞላ ላይ የቆሙ ነበሩ፤ የተፈለገበትም ምክንያት አውቶቡሱ ባዶም ሆነ ሙሉ የወለሉ ከፍታ እንዳይለዋወጥና ተሳፋሪው እንዳይንገላታ ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ያ አውቶቡስ ከመጀመሪያው አክስሉ፣ ፍሬኑና ጎማው ለሙሉ ጭነት ተሰልተው የተሠሩለት መሆኑን ነው፤ የአየሩ ሞላ ከፍታን እንዲጠብቅ ተሰጠው እንጂ ያልነበረ ኀይል እንዲፈጥር አልታዘዘም።

እምነቱ ከምንም የበቀለ ነው አልልም። ከባድ ዕቃ የጫነ ፒካፕ ኋላው ይረግጣል፣ አፍንጫው ሽቅብ ይነሣል፣ የፊት መብራቱ የሚመጣውን ሾፌር ዐይን ይወጋል፣ መሪው በእጅ ላይ ይቀላል፤ ከረጢቱ በተነፋ ጊዜ ግን ገላው ሲቃና፣ መብራቱ ወደ መንገዱ ሲመለስ፣ በጉድጓድ ላይ ከታች ይሰማ የነበረው ምት ሲጠፋ ያየ ሰው፣ መኪናው በረታ ብሎ ቢደመድም ዐይኑ ያየውን ነው የመሰከረው። በሀገራችን ጋራዦችም ለጭነት መኪና ባሌስትራ ማስጨመር የተለመደ ስለ ሆነ፣ ከዚያ የመጣ ሰው ከረጢቱን የባሌስትራ ምትክ አድርጎ ቢቀበለው አያስደንቅም።

ነገር ግን ያ 5000 የሚለው ቁጥር፣ ጥንዱ ከረጢት እስከ 100 ፒኤስአይ ሲነፋ የረገጠውን ገላ ምን ያህል ክብደት ድረስ ደግፎ ሊያቃና እንደሚችል የሚናገር ነው፤ በመኪናው የመጫን አቅም ላይ የሚደመር አይደለም። የከረጢቱ ሠሪዎች ራሳቸው ከዕቃው ጋር በሚሰጡት ወረቀት ላይ፣ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ከወሰነው ጠቅላላ ክብደት ማለፍ እንደማይገባ ይጽፋሉ። ሻጩ ሣጥኑን ሲያሳይ ቁጥሩን በጣቱ እየጠቆመ፣ ያችን ወረቀት ግን ሳያነብ ሲያስረክብ፣ በድሃ ሰው ሕይወትና ንብረት ላይ እየነገደ መሆኑን ኅሊናው ሊወቅሰው በተገባ ነበር። «እኔ ዓመታት ጭኜበታለሁ፣ ምንም አልሆነም» እያለ ወጣቱን የሚያደፋፍረው አንጋፋ ሾፌርም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለም፤ የደከመ ብረት የሚሰነጠቅበትን ቀን አስቀድሞ ለማንም አይነግርምና።

ክብደት የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። በጭነቱ ቦታ ላይ የተቀመጠው ሲሚንቶ በሻንሲው አድርጎ ወደ ባሌስትራውና ወደ ከረጢቱ፣ ከእነዚያ ወደ አክስሉ፣ ከአክስሉ በኩሽኔታው በኩል ወደ ቸርኬው፣ በመጨረሻም በጎማው በኩል ወደ ምድር ይወርዳል፤ ከረጢቱ ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት አንዲቱን ቀለበት ብቻ አገዘ እንጂ አክስሉን አላወፈረውም፣ ኩሽኔታውን አላሰፋውም፣ የፍሬኑን ሸራ አልጨመረም። ወገቡ በመቃ ታስሮ የቀና ሸክመኛ፣ ጉልበቱ ከቀድሞው አልበረታም። ጎማውን ብንወስድ፣ በጎኑ ላይ 113 የሚል የጭነት መለያ የተጻፈበት ጎማ 1150 ኪሎ ግራም ይችላል፣ ሁለቱ 2300፤ ጎማው የቤት መኪና ዓይነት ሆኖ በፒካፕ ላይ ከዋለ ደግሞ፣ የአሜሪካው ደንብ ይህንኑ ልክ በ1.1 አካፍሎ ዝቅ ያደርገዋል። ከረጢቱ ቢነፋም ባይነፋም ጎማው የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ተሳቢ ሲታከልበት ነገሩ ይብሳል። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 3.7 ሜትር የሆነ ፒካፕ፣ ከኋላው አክስል 1.2 ሜትር ወደ ኋላ በወጣው ጋንቾ ላይ 400 ኪሎ ቢያርፍበት፣ የኋላው አክስል የሚሸከመው 400 ሳይሆን 530 ያህል ነው፤ ትርፉ 130 ኪሎ ከፊት ጎማዎች ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሄደ ነው፤ የፊት ጎማዎች ደግሞ መሪን የሚታዘዙትና አብዛኛውን የፍሬን ሥራ የሚሠሩት ናቸው። እንግዲህ ከረጢቱ ተነፍቶ ገላው እንደ ውኃ ልክ ቢስተካከልም፣ ያ 130 ኪሎ ወደ ፊት አልተመለሰም፤ አቋሙ ተቃና እንጂ ክብደቱ ባለበት ነው። ይልቁንም የኋላው መርገጥ ለሾፌሩ «በዛብኝ» ብሎ ይነግረው የነበረ ምልክት ስለ ነበር፣ ምልክቱ ሲጠፋ ሾፌሩ ያለ መካሪ ቀረ።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው የፍሬኑ ጉዳይ ነው። በሀገር ቤት በብዛት የሚሠራባቸው ብዙዎቹ ሃይሉክሶችና መሰሎቻቸው ከሻንሲው ሥር፣ ከኋላው አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ አንድ ቫልቭ አላቸው፤ ኋላው ሲረግጥ ዘንጉ ይገፋና ቫልቩ «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፣ ኋላው ሲነሣ ደግሞ «ባዶ ነው» ብሎ ይቀንሳል። ከረጢቱ የተጫነውን መኪና አንሥቶ ሲያቃናው ቫልቩ ይታለላል፤ ለኋላ ፍሬን የባዶ መኪና ግፊት ይሰጠዋል፣ ያም ጭነቱ በከበደበት በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቫልቭ ባለበት መኪና ላይ ከረጢት የሚያስገባ መካኒክ፣ ዘንጉን በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ካላስተካከለ ሥራውን አልፈጸመም። የፍሬኑን ኀይል በኤሌክትሮኒክስ የሚያከፋፍሉት አዳዲሶቹ መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዘንግ የላቸውም።

ሻንሲውም የራሱ ነገር አለው። ባሌስትራ ክብደቱን የሚቀበለው ከአክስሉ ፊትና ኋላ ባሉት ሁለት ማንጠልጠያዎች ስለ ሆነ ሸክሙ በረጅም ብረት ላይ ይዘረጋል፤ ከረጢት ግን ልክ ከአክስሉ በላይ አንዲቱን ቦታ ሽቅብ ይገፋል፣ ከኋላ ጋንቾው ቁልቁል ሲጎትት፣ ከፊት ጋቢናው ቁልቁል ሲጫን፣ ብረቱ በመካከል የመጉበጥ ዕጣ ይደርሰዋል። ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር ፒካፕ ይዘው፣ ከባድ ተሳቢ እየጎተቱ፣ ኮረኮንች መንገድ በሚያቋርጡ አውስትራሊያውያን ዘንድ የጎበጠ ሻንሲ የታወቀ ጉዳት ነው። ጥፋቱን ሁሉ በከረጢቱ ላይ መጣል ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ ከልክ በላይ መጫንና ከባዱን ዕቃ ከአክስሉ ኋላ ማድረግ ዋናዎቹ ናቸው፤ ሆኖም ጠንክሮ የተነፋ ከረጢት ያንኑ ጉዳት ያፋጥናል።

እንግዲህ አቅሙ የት ይገኛል ቢሉ፣ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ነው። በአሜሪካ በሚሸጥ መኪና ሁሉ ላይ ጠቅላላውን የተፈቀደ ክብደትና የየአክስሉን ልክ የሚያሳይ ምልክት፣ በአብዛኞቹም ላይ ከአጠገቡ የሰዎችና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከስንት ኪሎ ማለፍ እንደሌለበት የሚናገር ሌላ ጽሑፍ ተለጥፎ ይገኛል። ጭነህ በከባድ መኪናዎች ማደያ ካሉት የካት ስኬል ሚዛኖች ባንዱ ላይ ግባ፤ የፊት አክስልህን ባንዱ ሳንቃ፣ የኋላውን በሌላው አቁም፤ የሚሰጥህን ወረቀት ከበርህ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያይ። የኋላው ከበለጠ፣ አውርድ፤ ካልበለጠ ከረጢቱ በተሠራለት ሥራ ይጠቅምሃል፤ እኔም ልክ ጠብቆ ለሚጭን ሰው ቢያስገባው አልከለክለውም።

ሌሎቹ ተረቶች ብዙ ቃል አይሹም። «አየር በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚሉት ሐሰት ነው፤ የጠነከረ ከረጢት ጎማውን በኮረኮንች ላይ ያዘልለዋል፣ የዘለለ ጎማም መንገድ አይዝም። ሳትጭን ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ፣ ጭነህ ወደዚያው ልክ እስኪጠጋ ብቻ ንፋ። «ባዶውን ሲሄድ አየሩን ጨርሶ ማስወጣት ነው» የሚሉም ተሳስተዋል፤ በውስጣቸው የላስቲክ መከላከያ ከሌላቸው፣ ባዶ ከረጢቶች ታጥፈው ይቆነጠጣሉና ቢያንስ 5 ፒኤስአይ ይቆይባቸው። አሞርዛተርን ይተካል ማለትም ከንቱ ነው፤ ከረጢት ይደግፋል እንጂ ንቅናቄን አያበርድም። ሁለቱን ከረጢት ባንድ ቱቦ ማገናኘት ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በኩርባ ላይ ከተጫነው ወገን አየሩ ወደ ቀለለው ይሸሽና መኪናው ይበልጥ ይጋደላል፤ ለየብቻ ቱቦ ይኑራቸው።

«ከረጢት ሁልጊዜ ይተነፍሳል» የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የከረጢቱ ሳይሆን የገጣሚው ጥፋት ነው። ቱቦው በፒንሳ ተቆርጦ ጫፉ ሲጨፈለቅ ወይም ሰያፍ ሲሆን መጋጠሚያው አየር አይዝም፤ በስለታም ምላጭ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፣ እስከ መጨረሻው ይገፋ፣ ከጭስ ማውጫውም ይራቅ፤ ከዚያ ከረጢቱ ተነፍቶ በየመጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ ይቀባ፤ አረፋ ካልወጣም የግፊቱ ቁጥር ተጽፎ ያድርና ጠዋት ከመጫን በፊት መልሶ ይታይ።