ጥርስን ስለ ማፋጨትና ሐኪምን ስለ መምረጥ

ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ልማዱን ብዙ ጊዜ ራሱ አያውቀውም፤ ድምፁን የሚሰማው አብሮት የሚተኛው ነው። እርሱ የሚያውቀው ጠዋት መንጋጋው ዝሎ፥ ጆሮ ግንዱን አሞት መነሣቱን ነው። ብዙዎች ታዲያ ወደ ጥርስ ነቃይ ይሄዳሉ፤ ደኅናው ጥርስ ይነቀላል፥ ሕመሙ ግን አይለቅም፤ ያለው በማኘኪያው ጡንቻና በመንጋጋው መጋጠሚያ ነውና።

ስለዚህ ጉጠት ከማንሣቱ በፊት አፍን አስከፍቶና አስዘግቶ፥ ጉንጭን በጣቱ ዳስሶ፥ የጥርሱ አናት አልቆ እንደ ሆነ የሚመረምር የጥርስ ሐኪም እንዲመረጥ እንመክራለን። እርሱም በልክ የተሠራ የሌሊት መከለያ ያዝዝ ይሆናል፤ ይህ ጥርስን ከማለቅ ይጠብቃል እንጂ ልማዱን አያስተውም። በመጀመሪያው ቀን «ጥርስህን ሞርጄ ላስተካክል» የሚለውን ግን እንጠራጠረዋለን፤ የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አያድግምና። የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ለውስጥ ደዌ ሐኪምም ይታይ።