ቀበሪቾን ይትከሉ፤ ከጭሱ ግን ይጠንቀቁ

ጉንፋን ሲበረታ፣ ራስ ሲፈልጥ ወይም ምች ሲመታ በብዙ ቤት የሚታጠነው ቀበሪቾ ነው። ከገበያ ደረቅ ሥሩን ገዝተው የሚያጨሱት ብዙዎች ቢሆኑም ተክሉን በቁመናው የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ቀበሪቾ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ቅጠሉ እሾሃማ፣ አበባው እንደ ኳስ ክብ የሆነ ተክል ነው። የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ ሲቆፈር ተክሉም አብሮ ይጠፋል። ሥሩ እስኪወፍር ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። በዚህ የተነሳ በዱር ያለው እየተመናመነ ነው። ተጠቃሚው በጓሮው ቢያለማው ተክሉን ከመጥፋት ያድናል።

ለመትከል ፀሐይ የሚያገኝና ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይምረጡ። ከደረቀ አበባ የተሰበሰበውን ዘር ክረምት ሲገባ በሚቆይበት ቦታ ላይ ይዝሩ፤ ሥሩ ወደ ታች ስለሚጠልቅ ማዘዋወር ይጎዳዋል። ሕፃናትን እንዳይወጋ በአጥር ጥግ ይሁን፤ ሲነኩትም ጓንት ያድርጉ። ሥሩን በሚቆፍሩበት ጊዜ ዘር የሚጥሉ ጥቂት ተክሎችን ይተዉ።

በጓሮ ተገኘ ተብሎ ግን በየቀኑ አይታጠንም። የቀበሪቾ ሥር አንዳንድ ተህዋስያንን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ቢታይም፣ ለሰው የሚበቃው መጠን በሕክምና አልተወሰነም። ጭሱ የአስም ሕመምተኛን ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ የሕፃናትንም ሳንባ ሊጎዳ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው በር ዘግቶ በከሰል ማጨስ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሳይታወቅ ይገድላል። በተለይ አራስና ጨቅላ ባሉበት ክፍል አያጭሱ።

ጭሱ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም ምክንያቱን ላያጠፋ ይችላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለብዎ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሕፃን ልጅዎ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስም የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይውሰዱት። ነፍሰ ጡሮችም ሐኪም ሳያማክሩ ሥሩን አይውሰዱ። ወደ ሐኪም ሲቀርቡ የታጠኑትንም ሆነ የጠጡትን አይደብቁ፤ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት ይረዳዎታል።