የሰበካ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮች በአንድ ሰዓት እንዲሄዱ

በአንድ የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት የጥምቀት መዝገብን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በማስገባት ሥራ ላይ ሳለን ያጋጠመን ነገር ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ምክንያት ሆኖናል። ጸሐፊው በአንዱ ኮምፒውተር፣ ሒሳብ ሹሙ በሌላው ይሠሩ ነበር፤ የሁለቱም ሥራ የሚጠራቀመው ግን በአንድ የጋራ ማኅደር ነው። ፋይሎቹን የሚያዛምደው ፕሮግራም ከሁለት ቅጂዎች በኋላ የተጻፈውን ይዞ ቀድሞ የተጻፈውን ያስወግዳል። የጸሐፊው ኮምፒውተር ሰዓት ብዙ ቀናት ወደ ኋላ ቀርቶ ስለ ነበር ግን፣ በዕለቱ የተጻፈው ቅጂ እንደ አሮጌ ተቆጠረና በእርግጥም አሮጌ በሆነው ተተካ። የተሰረዙት የሕፃናቱ ስሞች ሊመለሱ የቻሉት አባቶች የወረቀቱን መዝገብ ጠብቀው ስላቆዩት ብቻ ነው።

በሐምሌ ወር መጨረሻ 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋና በሌሎች የክልሉ ከተሞች አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን፣ ካህናትና ምእመናንም ሕይወታቸውን ማጣታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መዝገብን በአንድ ሣጥን ብቻ ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ከዚያ ወዲህ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህም መዝገቡን በኮምፒውተር መያዝና ቅጂውን ወደ ሀገረ ስብከት መላክ ተገቢ ነው። ቅጂዎቹ ግን የሚታመኑት የተጻፉበት ጊዜ የታመነ ሲሆን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ቀኑን ቆጥረን እንደምናከብር ሁሉ፣ የምስክር ወረቀቱ ላይ የሚታተመውም ቀን ከኮምፒውተሩ ሰዓት የሚወሰድ ከሆነ ስሕተቱ ከልጁ ጋር ትምህርት ቤትና ጋብቻ ድረስ ይሄዳል።

ሰዓቱ ለምን ይዛባል? በኮምፒውተሩ ውስጥ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ትንሽ የኳርትዝ ድንጋይ አለች፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ጊዜን የምትቆጥረው እርሷ ናት። የተስተካከለችው ለ25 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ስለ ሆነ፣ ሙቀቱ ከዚያ በጣም ሲርቅ ትዘገያለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጅግጅጋ ችግሩ ቀላል ነው፤ በሽንሌ፣ በአይሻና በደወሌ ቆላ ግን ይብሳል። ከፋብሪካ የሚመጣው ልዩነት ሲጨመርበት ሰዓቱ በወር እስከ አንድ ደቂቃ ሊዛነፍ ይችላል። የቀናትና የዓመታት ስሕተት ግን ከዚህ አይመጣም፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ 2032 የሚል ቁጥር ያለባት፣ ሳንቲም የምትመስለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ማለቋ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ አንድ የቆየ ቀን የሚመለስ ከሆነ ሌላ ነገር ከመመርመር በፊት እርሷን መቀየር ይገባል።

የቀረውን ልዩነት የሚያርመው ዴቪድ ሚልስ የተባሉት አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ የቀረጹትና በ1985 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ የወጣው፣ ኤን.ቲ.ፒ. የሚባለው ሥርዓት ነው። አሠራሩ ሰዓት ጠይቆ እንዲመጣ መልእክተኛ እንደ መላክ ነው። መልእክተኛው የወጣበትንና የተመለሰበትን ጊዜ መዝግበን፣ በመንገድ የቆየበትን ለሁለት ከፍለን በሰማው ሰዓት ላይ እንጨምራለን። በአንድ ቤት ውስጥ ባሉ ኮምፒውተሮች መካከል ልዩነቱ እስከ ጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ይወርዳል። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንዱ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ አንዷ ካልዒት 60 ሣልሲት፣ አንዷ ሣልሲት 60 ራብዒት መሆኗን የምታውቁ አባቶች ብታሰሉት፣ ይህ አንዲት ራብዒት አካባቢ ነው። አባቶቻችን መሣሪያው ሳይኖራቸው መስፈሪያውን ቀድመው ይዘውት ነበር።

ኢንተርኔት በየጊዜው በሚቋረጥበት አካባቢ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለየብቻው ከውጭ ሰዓት እንዲጠይቅ መተው አያዋጣም። አንዱን የሰዓት ሰርቨር ማድረግ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚቆይ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። በሊኑክስ ላይ ክሮኒ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከውጭ ሰዓት ባያገኝም የራሱን ለሌሎቹ መስጠቱን እንዲቀጥል ተደርጎ ይስተካከላል። ማይክሮቲክ ራውተር ያላችሁ ራውተሩ ራሱ ይህን አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። ባለሙያው የሰርቨሩን አድራሻ የማይለወጥ እንዲያደርገውና 123 ቁጥር ፖርትን እንዲከፍት አሳስቡት። በሌሎቹ ላይ፣ በዊንዶውስ «የኢንተርኔት ሰዓት» በሚለው ቦታ የዚያን ሰርቨር አድራሻ መጻፍ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከ15 ሰዓት በላይ ከሆነ ግን ዊንዶውስ በራሱ አያርመውምና አስቀድሞ በእጅ ማቀራረብ ያስፈልጋል።

ሰርቨሩ ራሱ ትክክለኛውን ሰዓት በቀን አንድ ጊዜ በስልክ ኢንተርኔት ቢያገኝ ይበቃዋል። ኢንተርኔት ጨርሶ በሌለበት ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበል የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ሰማይ በሚታይበት መስኮት ላይ ይደረጋል። በቶጎ ውጫሌና በደወሌ ስልካችሁ የድንበር ማዶ ኔትወርክ ቢይዝ አትስጉ፤ የሰዓት ቀጠናቸው ከእኛው ጋር አንድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግመን ያየነው ስሕተት ከመሣሪያ ሳይሆን ከእኛው ልማድ የመጣ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ 9 የሚል ስለሚመስላቸው፣ አንዳንድ ጸሐፊዎች ወደ 3 ይመልሱታል፤ ዓመተ ምሕረቱንም በእኛ አቆጣጠር የሚያደርጉ አሉ። አሳባቸው መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን ኮምፒውተሩን 6 ሰዓት ወይም 7 እና 8 ዓመት ወደ ኋላ መጣል ነው። ያን ጊዜ የባንክና የኢሜይል ገጾች አልከፈት ይላሉ፤ የገጾቹ የደኅንነት ማረጋገጫ ገና ያልጸና ሆኖ ይታያልና። የቀን አቆጣጠራችንን በመዝገቡ ዓምድ ላይ እንጻፍ እንጂ የኮምፒውተሩን ሰዓት አንንካ። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጉ አታገኟትም፤ «ናይሮቢ» የሚለውን ምረጡ፤ ሰዓቱ የእኛው ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ በየሳምንቱ ሰኞ የሁሉንም ኮምፒውተሮች ሰዓት ከስልኩ ጋር አስተያይቶ በአንድ ደብተር ይመዝግብ። ልዩነት የታየበት ኮምፒውተር እስኪስተካከል ድረስ በጋራው ማኅደር ላይ እንዳይጻፍበት ይደረግ።