ድድ ሲደማ፦ የድድ ሕመም እንዴት ይታወቃል? እንዴትስ ይታከማል?

ጠዋት አፉን በመፋቂያ ሲያጸዳ ምራቁ ከደም ጋር የተቀላቀለበት ሰው ብዙውን ጊዜ «መፋቂያው ሻካራ ሆኖ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እንዳይደማበትም ማጽዳቱን ይተዋል። ሕመሙ የሚብሰው ከዚህ በኋላ ነው። ጤነኛ ድድ በመጠኑ ሲፋቅ አይደማም፤ የሚደማው የተቆጣና ያበጠ ድድ ነው።

የሕመሙ መነሻ በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚለጠፍ፣ በባክቴሪያ የተሞላ ስስ ንጣፍ ነው። ንጣፉ በየዕለቱ ካልጸዳ በምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት እየጠነከረ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጥርስ ድንጋይ ወደ መሆን ያመራል። ያን ጊዜ በመፋቂያም ሆነ በቡርሽ አይለቅም። ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ በቀላሉ ይደማል፤ የአፍ ጠረንም ይለወጣል። በዚህ ደረጃ የተደረሰበት ሕመም ሙሉ በሙሉ ይድናል።

ቸል የተባለው ግን ጥርስን ወደ ያዘው አጥንት ይወርዳል። ጎርፍ ከሥሩ አፈሩን የጠረገበትን እንሰት ያየ የወላይታ አርሶ አደር ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ተክሉ ሳይታመም የያዘው አፈር ስለ ሄደ ብቻ ያዘነብላል። ጥርስም እንዲሁ ሳይቦረቦር ይነቃነቃል። ድድ ስለሚሸሽ ጥርስ የረዘመ ይመስላል፤ ድዱን ሲጫኑት መግል ሊወጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ብርቱ ሕመም ላይሰማ ስለሚችል ብዙዎች ወደ ሕክምና የሚሄዱት ዘግይተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከባዱ የድድ ሕመም በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎችን ይዟል። (በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ጠጥተው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው፤ የድድ ሕመም ምልክት አይደለም።)

የስኳር ሕመምተኞች ድድ ቶሎ ይታመማል፤ የታመመ ድድም በተራው የስኳሩን መጠን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድድ ብዙም ስለማይደማ ሕመሙ ይደበቃል። በእርግዝና ወቅት ድድ ማበጡና መድማቱ የተለመደ ቢሆንም ሊታይ ይገባዋል፤ ነፍሰ ጡር መሆን የጥርስ ሕክምናን አይከለክልም።

ዋናው ሕክምና የጥርስ ድንጋዩን ከድድ በላይና በታች በባለሙያ ማስወገድ ነው። «ጥርስ ሲታጠብ ይላላል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ያስቀራል። እውነቱ ግን ጥርሱን ያላላው የአጥንቱ መጎዳት ነው፤ ድንጋዩ ሲነሳ ቀድሞ የነበረው ጉዳት ይገለጣል እንጂ አዲስ አይፈጠርም። ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ የሚገዛ ፀረ ተሕዋስያን ድንጋዩን አያነሳም። በሰሜን ኢትዮጵያ ለውበትም ለድድ ጥንካሬም ተብሎ የሚደረገው የድድ ንቅሳት እንኳ ሕመሙን አያድንም፤ ጥቁረቱ የድዱን መቅላት ስለሚሸፍን ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል።

በቤት ውስጥ የወይራ ወይም የልምጭ መፋቂያ በአግባቡ ከተያዘ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጫፉን አኝኮ ማለስለስ፣ እንደ መጋዝ ወደ ጎን ከመሞረድ ይልቅ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ አቅጣጫ ቀስ ብሎ መፋቅ፣ በምላስ በኩል ያለውንም ገጽ አለመርሳት፣ ያረጀውን ጫፍ መቁረጥ ይገባል። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ መጉመጥመጥ ቁጣውን ያበርዳል፤ ሕክምናን ግን አይተካም።

ጊዜ የማይሰጠው የድድ ሕመም በሕፃናት ላይ የሚታየው ኖማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል፤ በኢትዮጵያም ፊታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች አሉ። በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆናቸውን፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ወይም ከኩፍኝና ከመሳሰሉት ሕመሞች ገና ያገገሙ ልጆችን ያጠቃል። በድድ ቁስል ይጀምራል፤ ክፉ ጠረንና የጉንጭ እብጠት ይከተላል፤ በቀናት ውስጥ ሥጋና አጥንት ይበላል። ካልታከመ አብዛኞቹን ይገድላል። ገና በድድ ላይ ሳለ ግን በፀረ ተሕዋስያን፣ በአፍ ንጽሕናና በተመጣጠነ ምግብ ይገታል። ስለዚህ ከኩፍኝ የተነሳ ወይም የከሳ ልጅ ድዱ ቆስሎ አፉ ከሸተተ የገበያ ቀን ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ማሳየት ወይም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።