በአታት ጓሮ የተሠራ የቀርከሃ ፍላይ ዘንግ

በክፍል ውስጥ የምናሰላው ምሰሶ (ቢም) አብዛኛውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት አለው። እኔ በዚህች ጽሑፍ የማወራው እየቀጠነ ስለሚሄድ ምሰሶ ነው፤ አታት፣ ቤተሰቦቼ ጓሮ፣ ከቀርከሃ ስለሠራሁት የፍላይ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ።

ፍላይ ማለት ዝንብ ነው። ላባና ክር ተጠቅልሎበት ነፍሳት የመሰለ መንጠቆ ሲሆን ክብደት የሚባል ነገር የለውም። ልጆች ሆነን ዋቤ ወንዝ ላይ የምንወረውረው መንጠቆ ጠጠር ይታሰርበት ነበር፤ የሚሄደውም በጠጠሩ ጉልበት ነው። በፍላይ ግን የሚወረወረው ራሱ ገመዱ ነው። «5 ቁጥር» የሚባለው ገመድ የመጀመሪያው 9 ሜትር፣ 9 ግራም ያህል ይመዝናል። ዘንጉ ይህን ተሸክሞ ይጎብጣል፣ ሲቃና ገመዱን ይልከዋል። ስፕሪንግ ነው ማለት ይቻላል።

በአገራችን ፍላይ ይዘው የሚመጡ ፈረንጆች በብዛት የሚሄዱት ባሌ ነው፤ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ከኬንያ የመጣ ትራውት አለ። እኛ ጋ ትራውት የለም። ቢልጫ ግን አለ፣ እሱም ነፍሳት አይንቅም።

ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ዘንግ ባብዛኛው ካርቦን ፋይበር ነው። ከዚያ በፊት ምርጡ የሚሠራው ከቻይና ቀርከሃ ነበር፤ ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ስንጥር ተጣብቆ። ታዲያ የእኛስ ቀርከሃ ምን ይጎድለዋል? የቆላው ውስጡ ድፍን ወደ መሆን ያደላል፣ የደጋው ክፍት ነው። እኔ የመረጥኩት ከጉራጌ ደጋ የመጣውን ነው፤ አንጓው ረዘም ይላል፣ ሲሰነጠቅም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ችግሩ ዕድሜው ላይ ነው። ቀርከሃ ቁመቱን በአንድ ክረምት ይጨርሳል፣ ጥንካሬው ግን 3 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ለአጥር ተብሎ ለጋው የተቆረጠ ለዘንግ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ይወደዋል። ስለዚህ ሻጩን ዕድሜውን ጠይቁት።

ጥላ ውስጥ ለወራት ከደረቀ በኋላ ይሰነጠቃል፣ አንጓው በሞረድ ይስተካከላል፣ የተጣመመው በከሰል ሙቀት ይቃናል። ከዚያ ስንጥሩ 60 ዲግሪ ቦይ በወጣለት ጠንካራ እንጨት ላይ ተጋድሞ በመላጊያ ይላጋል። ቦዩ ከአንድ ወገን ጠለቅ፣ ከሌላው ሳሳ ያለ ነው። መላጊያው የውጭውን ቆዳ መንካት የለበትም፤ ጠንካራው ቃጫ የታጨቀው እዚያ ነው፣ የውስጡ ነጭ ቢሄድ አይቆጭም።

ዋናው ጣጣ የአቀጣጠኑ ልክ ነው። የእኔ ዘንግ 2.1 ሜትር ሲሆን እጀታው ጋ 8፣ ጫፉ ጋ 2 ሚሊሜትር ነው። የመጎበጥ ግትርነት ከውፍረቱ አራተኛ ፓወር ጋር ስለሚሄድ፣ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ግትርነቱ 16 እጥፍ ይወርዳል። እጀታውና ጫፉ መካከል ያለው ልዩነት 256 እጥፍ ነው! የአንድ ሚሊሜትር ሩብ እንኳ ጫፉ ላይ ጠባይ ይለውጣል። ከተጣበቀ በኋላ ማስተካከል ደግሞ የግድ ያንኑ ጠንካራ ቆዳ መፋቅ ነው። ስለዚህ ካሊፐሩ በየ10 ሳንቲሜትሩ መግባት ያለበት ከሙጫው በፊት ነው። ለባለቤቱ በልኩ የተሠራ የሚባለውም እዚህ ላይ ነው፤ ለጠባብ ወንዝ ጫፉ ቶሎ የሚጎብጥ፣ ለሰፊው መሐሉ ጠንከር ያለ።

ስድስቱ በኤፖክሲ ተጣብቀው በስፌት ክር ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ። የገመድ ቀለበቶቹ ከማይዝግ ቀጭን ሽቦ፣ እጀታው ከወይን ጠርሙስ ቡሽ፣ ላዩ ቫርኒሽ። ዘንጉን ለሁለት የከፈልኩት ለውበት አይደለም፤ 2.1 ሜትር ይዞ የወልቂጤ ሚኒባስ ውስጥ መግባት ከረዳቱ ጋር መጣላት ነው። መገጣጠሚያው የነሐስ ቱቦ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልተገኘ ሁለቱ ጫፎች በረጅሙ በሰያፍ ተቆርጠው፣ ተደራርበው በፕላስተር ይታሰራሉ።

ለመፈተን እጀታውን ጠረጴዛ ላይ አስራችሁ፣ ጫፉ የዘንጉን ርዝመት ሲሶ እስኪወርድ ትናንሽ ሚስማሮች አንጠልጥሉበትና መዝኑ። ኩርባውን ግድግዳ ላይ በከሰል ሳሉት። ለስላሳ ቅስት ከሆነ ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ድንገት ከታጠፈ ዓሣ ሲጎትት የሚሰበረው እዚያ ነው።