ነፍሰ ጡሯ እንቅልፍ ያጣችው ለምንድን ነው?

«ያው እርግዝና ነው፤ ስትገላገዪ ይተውሻል።» እንቅልፍ አጣሁ የምትል ነፍሰ ጡር ከእናቷም፣ ከአክስቷም፣ ከጎረቤቷም የምትሰማው መልስ ይኸው ነው። ለማጽናናት የተባለ ቢሆንም ሴትየዋን ከነችግሯ ይተዋታል። እርግዝና እንቅልፍ የሚነሳባቸው ምክንያቶች ግን የታወቁ ናቸው፤ ብዙዎቹንም እዚያው ቤት ውስጥ ማቅለል ይቻላል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ስለሚበዛ ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፤ ሌሊት ደግሞ ሽንት ይቀሰቅሳታል። በእርግዝና ወቅት ኩላሊት የሚያጣራው መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራልና። ሆድ እየገፋ ሲመጣ ማህፀኑ ፊኛን ይጫናል፤ ቀን እግር ላይ የተጠራቀመው ውሃም ጋደም ስትል ወደ ደም ተመልሶ ሽንት ይሆናል። ውሃን ቀን ቀን በደንብ ጠጥቶ ወደ ማታ መቀነስ፣ አመሻሽ ላይም እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍ የሌሊቱን ምልልስ ያቃልላል።

እኛ ቤት ግን ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ጀበናው ይመስለኛል። ካፌይንን የሚያፈርሰው ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም በእርግዝና ጊዜ ሥራው እየቀዘቀዘ ይሄዳል። እርጉዝ ያልሆነች ሴት ከጠጣችው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ 5 ሰዓት ገደማ ይበቃታል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ግን 15 ሰዓት ያህል ሊፈጅባት ይችላል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጎረቤት ጠርታት አቦልና ቶና ብትጠጣ፣ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የካፌይኑ ግማሽ ገና ከደሟ አልወጣም ማለት ነው። ድሮ ማታ ጠጥታም የሚወስዳት እንቅልፍ ዛሬ ቢከዳት ምን ይገርማል? ከቡናው ጨዋታ ትቅር አልልም፤ ቤት ለምትውል ሴት ጨዋታው ራሱ እረፍት ነው። ቡናዋን ጠዋት ትጠጣ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አብራ ትቀመጥና ሲኒው ይለፋት። ጠሪዎቿም «በረካውን ሳትጠጪማ አትሄጂም» እያሉ ባያስጨንቋት መልካም ነው።

ቡና ሌላም ጣጣ አለው። አንዳንድ ሴቶች ማታ ጋደም ሲሉ እግራቸውን ውርር ያደርጋቸዋል፤ ካላንቀሳቀሱት ወይም ተነስተው ካልተንጎራደዱ አያስተኛቸውም። ይህ ስሜት በእርግዝና መጨረሻ ላይ ከአምስት ሴቶች አንዷን ገደማ ያገኛታል፤ ብዙ ጊዜም ከብረት ማዕድን እጥረት ጋር ይያያዛል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረን እንክብል የሚታዘዘው ለደም ማነስ ቢሆንም ይህንንም እጥረት ይሞላል፤ በቡና ወይም በሻይ ከተወሰደ ግን በደንብ ሳይሰርግ ይቀራል። በውሃ መዋጥ፣ ቡናውንም ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ማራቅ ነው። ውርርታው ካልተወ ለአዋላጇ ነግሮ ደምን ማስመርመር ይገባል።

ስለ አተኛኘት ደግሞ በየቤቱ መነገር ያለበት ነገር አለ። ሆዷ የገፋ ሴት በጀርባዋ ስትንጋለል፣ ከባዱ ማህፀን ከታችኛው አካል ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር እንደተረገጠ የውሃ ጎማ ይጫነዋል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲያንስ ለእንግዴ ልጁ የሚደርሰውም ይቀንሳል። በኒውዚላንድ፣ በአውስትራሊያ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች መረጃ በ2019 እ.ኤ.አ. ተጠቃሎ ሲታይ፣ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባቸው ተኝተው እንቅልፍ የሚወስዳቸው ሴቶች ጽንሱ ማህፀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል በግራ ጎናቸው ከሚተኙት ከ2 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። አደጋው በራሱ ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ መከላከያው ግን ምንም ወጪ የለውም። ግራም ሆነ ቀኝ፣ በጎን መተኛት ነው። «በግራ ካልሆነ» ተብሎ የሚያስጨንቀው ምክር ለጽንሱ ደህንነት ሲባል የሚሰጥ ከሆነ፣ ለዚያ ሁለቱም ጎን እኩል እንደሆኑ ይኸው መረጃ አሳይቷል። ሌሊት ነቅታ በጀርባዋ ራሷን ብታገኝም መደንገጥ የለባትም፤ ዞር ብላ መተኛት ብቻ ነው።

በጎን መተኛት ወገብ የሚያሳምማት ከሆነ አንድ ትራስ በጉልበቶቿ መሃል፣ የተጣጠፈ ጋቢ ከሆዷ ሥር፣ ሌላ ትራስ ደግሞ እንዳትንጋለል ከጀርባዋ ይደረግላት። ቃር ለሚያስቸግራት ግራ ጎን ይሻላታል፤ ራትን በጊዜ መብላትና ከራስጌ ከፍ ማድረግም ይረዳል። የእንቅልፍ ኪኒን ግን ሐኪም ሳያዝ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

ባል የሆናችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር አደራ። ድሮ የማታንኮራፋ ሚስታችሁ ማንኮራፋት ከጀመረች አትሳቁባት፤ ትንፋሿ ቆም እያለ የሚመለስ ከሆነ ለክትትል ስትሄድ አብራችሁ ሄዳችሁ ተናገሩ፤ በእርግዝና ከሚመጣ የደም ግፊት ጋር ሊያያዝ ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ድንገተኛ የፊት እብጠት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት አድርሷት።